ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ወገኖች በአጥቢያ ደረጃ ቋሚ ማዕድ ማዘጋጀት፦ የአሠራር መመሪያ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ከሚያገለግሉ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና የጽዋ ማኅበራት አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል፤ «በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ሥርና በአካባቢው በረንዳዎች ለሚያድሩት ወገኖች ከምን እንጀምር?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት ስለ ገንዘብ ማሰባሰብ እንድነግራቸው ነው። እኔ ግን ከዝክርና ከሰንበቴ እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ በአብዛኛው አጥቢያ ምግቡ አለ፣ የጎደለው የቀን ድልድል ነውና። በወር በ12፣ በ21 እና በ27 አንድ ነዳይ በልቶ የማይጨርሰው እንጀራ ይቀርብለታል፤ በማግስቱ ግን ጦሙን ያድራል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለ50 ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን ትኩስ ምግብ ለማቅረብ የተሰናዳ ነው፤ ቁጥራችሁ ቢያንስም ቢበዛም መጠኑን በዚያው ልክ አስተካክሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ ቀን ማዕድ፦
- የጤፍ ወይም ከዳጉሳና ከበቆሎ ጋር የተደባለቀ የጤፍ ዱቄት 20 ኪሎ (እንደ ምጣዱ ስፋት ወደ 75 እንጀራ ይወጣዋል)
- ሽሮ 3 ኪሎ ወይም ክክ 5 ኪሎ
- ጎመን ወይም ድንች 8 ኪሎ፣ ሽንኩርት 5 ኪሎ፣ ዘይት 2 ሊትር፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርትና አዮዲን ያለው ጨው

አንድ ጊዜ ተገዝተው ወይም ተለምነው የሚቀመጡ፦
- ክዳን ያላቸው ሁለት ትልልቅ ድስቶች፣ ጭልፋዎች፣ 60 ሳሕንና 60 ኩባያ
- ባለ 25 ሊትር ጄሪካን አራት፣ የእጅ ማስታጠቢያ ሳፋና ጆግ፣ ሳሙና
- ልብስ መቀቀያ በርሜል (ለምግብ ፈጽሞ የማይውል)
- ሰሌን፣ ብርድ ልብስ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ
- አንድ የመዝገብ ደብተርና ቁልፍ ያለው ሣጥን

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ፈቃድና ኃላፊነት። ማንኛውንም ነገር ከማሰባሰባችሁ በፊት ሐሳቡን ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርባችሁ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርጉ። ቃለ ጉባኤው የሚያስፈልገው አስተዳዳሪው ቢቀየሩ ወይም አስተባባሪው ቢዛወር አገልግሎቱ በሰው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። ቀጥሎ አስተባባሪ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ የማእድ ቤት ኃላፊና የጤና ጉዳይ ተከታታይ የሆኑ አምስት ሰዎችን ሰይሙ፤ ሒሳብና ንብረት በአንድ ሰው እጅ አይሁኑ። ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን የሚገልጽ ደብዳቤ አስገቡ። ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ጥያቄ በሚያስነሣበት ጊዜ ይህች አንዲት ወረቀት ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

2. የሚያድሩትን ማወቅ። ቆጠራውን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ፣ ቢቻል አንድ ካህንና አንዲት እናት አክላችሁ አድርጉ። ቀን በቤተ ክርስቲያን በር የምታዩአቸው ሁሉ ጎዳና ላይ አያድሩም፤ ጎዳና ላይ ከሚያድሩት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ቀን በሸክም፣ በሊስትሮና በቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ በሩ ላይ አይታዩም። በቀን የተደረገ ቆጠራ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

እያንዳንዱን ሰው «አባቴ»፣ «እናቴ»፣ «ወንድሜ» ብላችሁ ሰላምታ ከሰጣችሁ በኋላ ስሙን፣ ከየት እንደ መጣ፣ ሕመም እንዳለበትና መድኃኒት እንደሚወስድ ብቻ ጠይቁ። ለምን ቤቱን እንደ ተወ በመጀመሪያው ምሽት አትጠይቁ፤ የሚነግራችሁ ሲያምናችሁ ነው። ፎቶግራፍ አታንሡ። በመዝገቡ ላይ ለጸበል መጥተው የቀሩ ሕሙማንን፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን፣ ሕፃናት የያዙ እናቶችን፣ ከገጠር ለሥራ የወጡ ወጣቶችን፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉትን፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንና ብቻቸውን ያሉ ልጆችን ለይታችሁ ጻፉ፤ የእያንዳንዳቸው ፍላጎት የተለያየ ነውና።

የቆሎ ተማሪዎችን በዚህ መዝገብ አታስገቡ። እነርሱ ጎጆና መምህር ያላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለታቸው የትምህርታቸው ሥርዓት እንጂ የመጠለያ ማጣት ምልክት አይደለም። ሊረዱ ሲገባ በመምህራቸው በኩል ለብቻ ይረዱ።

3. የወሩን ሰሌዳ መሥራት። ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 30 ያሉትን ቀናት ጻፉና በአጥቢያችሁ ያሉትን የጽዋ ማኅበራት፣ የሰንበቴ ተራዎችና በየቤቱ የሚዘከሩ ዝክሮች በየቀናቸው ሙሉ። በአብዛኛው አጥቢያ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለምና በ29 በዓለ ወልድ ይሞላሉ፤ ከ8 እስከ 11፣ ከ13 እስከ 15፣ 17 እና 18፣ 25 እና 26 ግን ባዶ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የእናንተ ማዕድ የሚውለው በእነዚህ ባዶ ቀናት ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበራቱን አንድ በአንድ አነጋግሩ። የምትጠይቁት ዝክሩ ከቀኑ እንዲነሣ አይደለም፤ ይህን ብትጠይቁ ትክክለኛ ተቃውሞ ይገጥማችኋል። ጥያቄው «ጽዋውና መሶቡ እንደ ሥርዓቱ በቀኑ ይባረክ፤ ለነዳያን ከምታስቡት ድርሻ ግን ግማሹን በጥሬው፣ ማለትም በጤፍ፣ በሽሮና በክክ ስጡንና በባዶው ቀን እናብስለው» የሚል ነው። ጥሬ እህል ሳይበላሽ ይቆያል፤ የበሰለ ወጥ ግን ለማግስቱ ሲሻገር ሆድ ያማል፣ እንጀራውም ይሻግታል።

ወቅቱንም አስቡ። እህል በእጅ የሚገኘው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የምርት ጊዜ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከገጠር የሚመጣው ዝክር ራሱ ይሳሳል፣ ጎተራው ይራቆታልና። ስለዚህ ለክረምት የሚሆነውን እህል በጥር ሰብስባችሁ፣ በፀሐይ በደንብ አድርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጡ። ርጥበት ያለው እህል በጆንያ ሲታሰር ይሻግታል፤ ባቄላና አተር ደግሞ ቶሎ ስለሚነቅዝ አስቀድማችሁ ተጠቀሙበት። ተዝካርና ሠርግ በሰሌዳው ላይ አይታዩም፤ የተረፈውን ለመቀበል ግን የማእድ ቤት ኃላፊው ስልክ በሠፈሩ እድሮች ዘንድ ይታወቅ።

ጠላና አረቄ አትቀበሉ፤ ዝክር ላይ የተለመደ ቢሆንም ባዶ ሆድና ብርድ ላለበት ሰው ጎጂ ነው፣ ከመድኃኒት ጋርም አይስማማም፣ የማዕዱንም ሥርዓት ያፈርሳል።

4. ቦታና ሰዓት። ማዕዱን ከቅጥሩ ውጭ፣ ነገር ግን ከቅጥሩ አጠገብ ባለ ጣሪያ ያለው ቦታ አድርጉ። በወር አበባና በአራስነት ጊዜ ያሉ ሴቶች ወደ ቅጥሩ ስለማይገቡ፣ ማዕዱ ደጀ ሰላም ውስጥ ከሆነ በዚያ ሳምንት ሳይበሉ ይቀራሉ፤ የሚቀሩበትን ምክንያትም አፍረው አይነግሯችሁም። ጣሪያው የሚያስፈልገው የእኛ አገር የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ነው። ሰዓቱን ዓመቱን ሙሉ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብታደርጉት በጾም ወቅት ቅዳሴ እስኪወጣ የሚጠብቁትም ይደርሳሉ፣ የበላውም ሰው ሳይራብ ይተኛል። ሕፃናትን፣ ሕሙማንንና መድኃኒት የሚወስዱትን ግን እስከዚያ አታስጠብቁ።

5. ማብሰል። ሁልጊዜ፣ በፍስክ ቀንም ቢሆን፣ የጾም ምግብ ብቻ አብስሉ። ጎዳና ላይ ከሚያድሩት መካከል ሙስሊም ወገኖች አሉ፤ በክርስቲያን የታረደ ሥጋ አይበሉም፣ ክርስቲያኑም በሙስሊም የታረደውን አይበላም። ሽሮና ክክ ላይ ግን ሁሉም አብሮ ይቀመጣል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታም ዕቅዳችሁን አያናውጡትም። በረመዳን ለሙስሊሞቹ ድርሻቸውን ክዳን ባለው ዕቃ ስጧቸው፤ ሲያፈጥሩ ይበሉታል።

ክኩን ከዋዜማው ዘፍዝፉት፤ ቶሎ ይበስላል፣ ማገዶም ይቆጥባል። በርበሬውን ቀንሱ፣ ምክንያቱም ባዶ ሆድ ያቃጥላል፣ የአፍ ቁስል ያለባቸውም ብዙ ናቸው። ለአረጋውያንና ለሕፃናት በርበሬ ያልገባበት አልጫ ለብቻ አስቀሩ። ወጡ ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይበላ እንዳይቆይ የማብሰያውን ሰዓት ከማቅረቢያው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የእጅ ቁስል ያለበት አገልጋይ በዚያ ቀን ወደ ድስቱ አይቅረብ፤ ውኃ ቀድቶ ያግዝ።

6. ማስተናገድ። እንግዶቹን አስቀምጣችሁ አገልግሉ እንጂ አታሰልፉ። በሰልፍ ጉልበተኛው ይቀድማል፣ አሮጊቷና አካል ጉዳተኛው ይቀራሉ። እጃቸውን በጆግ እናንተ አስታጥቧቸው፤ ይህ ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን በቤታችን እንግዳ የምንቀበልበት ወግ ስለሆነ ሰውን ያረጋጋል። ምንም እንኳ በአንድ ትሪ መብላት የእኛ ልማድ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሳሕን ስጡ፤ በጋራ ትሪ ላይ ቀስ ብለው የሚበሉት ሕፃናትና ጥርስ ያጡ አረጋውያን ድርሻቸው ይበላባቸዋል። ካህኑ ማዕዱን በአጭር ጸሎት ይባርኩ፤ ስብከትን ግን የምግቡ ቅድመ ሁኔታ አታድርጉት።

ብዙ ቀን ምግብ ያልቀመሰ ሰው ወይም እግሩ ያበጠ የከሳ ሕፃን ሲመጣ ሳሕን ሙሉ አታቅርቡ። ጥቂት አጥሚት ሰጥታችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በረኃብ የተጎዳ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት ለሞት የሚያደርስ አደጋ ሊደርስበት ይችላል።

7. ንጽሕና፣ ልብስና እግር። በወር ሁለት ጊዜ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ለወንድና ለሴት በተለየ ቦታ የማጠቢያ ቀን አዘጋጁ። ተስቦና ግርሻ ትኩሳት በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ፤ በተለይ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት የክረምት ወቅት ይበረታሉ። ቅማሉ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ስለሆነ ሰውነትን አጥቦ ያንኑ ልብስ ማልበስ ከንቱ ድካም ነው። ቅያሬ ልብስ ስጡ፣ የወለቀውን በበርሜሉ ቀቅሉ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ ለባለቤቱ መልሱ። አትጣሉት፤ ያ ጋቢ ወይም ኮት የሰውዬው ንብረት ነው። የሚያሳክክ ሽፍታ ከታየ እከክ ሊሆን ስለሚችል አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ ይመላለሳል። ጸጉር የምትላጩ ከሆነ ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እግርን በተለየ ትኩረት ተመልከቱ። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ ብዙዎችን ከቤታቸው አውጥቷል፤ ሰዎች ይተላለፋል ወይም እርግማን ነው እያሉ ስለሚሸሿቸው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና ካልሲ ከሽፍን ጫማ ጋር ማድረግ እብጠቱንና ሽታውን በግልጽ ይቀንሳል። ለእነዚህ ወገኖች ከጫማው በፊት ሰፊ ቁጥር መፈለጋችሁን አረጋግጡ፤ የጠበበ ጫማ ያቆስላል።

8. የመኝታ ነገር። ብርድ ልብስ ከማከፋፈላችሁ በፊት ከሥር የሚነጠፍ ስጡ። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ያለ ሰሌን ወይም ያለ ካርቶን ሁለት ብርድ ልብስ ቢደረብም አያሞቅም። በደብረ ማርቆስና በጮቄ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ስርጭቱን በጥቅምት ጨርሱ። ወባ ባለባቸው እንደ ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም ባሉ ቦታዎች ከብርድ ልብስ አጎበር ይቀድማል። የኬሚካል ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ለምንጣፍ አትስጡ።

9. ከጤናና ከቀበሌ ጋር ማገናኘት። መታወቂያ የሌለው ሰው ብዙ በር ይዘጋበታል፤ ስለዚህ የጤና ጉዳይ ተከታታዩ ከሰበካ ጉባኤው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከቀበሌው ጋር ይነጋገር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ላይ መክፈል የማይችሉ ሰዎችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፤ የሚመረጡት ግን በቀበሌ ስለሆነና ምዝገባው በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ አክታው ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ቢያንስ ስድስት ወር ስለሚወስድና በመሐል ማቋረጥ በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ስለሚያደርገው፣ የማዕዱን ቀን መድኃኒቱ መወሰዱን መጠየቂያ አድርጉት። በጸበል ላይ ያሉ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ይህን ቃል ከእናንተ ይልቅ አጥማቂው ካህን ቢነግሯቸው ይሰማል፤ አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

10. ወደ ቤት መመለስ። ከገጠር የወጡ ወጣቶች መመለስ ከፈለጉ ምቹው ጊዜ አጨዳ የሚጀመርበት ነው፤ የጉልበት ሥራ አለ፣ ቤተሰብም እጅ ይፈልጋል። የመሳፈሪያ ገንዘብ ከመስጠት ትኬቱን ቁረጡ፣ ከመላካችሁ በፊትም ለቤተሰቡ ደውሉና መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

11. ሒሳብ። ገንዘብ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ብቻ ይሰብሰብ፤ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግል ቴሌ ብር አትቀበሉ። የገባውንና የወጣውን በየወሩ በሰንበት ጉባኤ ላይ አንብቡ፤ ሐሜት የሚነሣው ሒሳቡ ሳይነበብ ሲቆይ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ብቻውን የሚገኝን ልጅ ማንም አገልጋይ ወደ ቤቱ አይውሰድ። በዚያው ቀን ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አሳውቁ፤ ከልጅ ጋር ስትሆኑም ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን።
- በተዘጋ ክፍል ወይም በሸራ ውስጥ የከሰል እሳት አታስገቡ፤ ሽታ የሌለው ጢሱ ተኝተው ያሉትን ይገድላል።
- ከፍተኛ ትኩሳት ያለበትን ሰው በራሳችሁ መድኃኒት አታክሙ። የግርሻ ትኩሳት መድኃኒት በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል ሕክምናው በጤና ተቋም መሆን አለበት።
- የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሲቆጣ አትክበቡት፣ አትሰሩት። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ በዝግታ ያነጋግረው፤ ሌሎቹ ገለል ይበሉ።
- ሞቶ የተገኘ ሰው ካለ ፖሊስ ሳይደርስ አስከሬኑን አታንሡ። ለፍትሐትና ለቀብር የሚሆን ውል ከአንድ እድር ጋር አስቀድማችሁ ፈጽሙ።
- የሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ የምሽት ቆጠራና ጉብኝት ይቅር፤ ማዕዱንም አገልጋዮችና እንግዶች ቀድመው እንዲመለሱ ወደ ቀትር አምጡት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ታላቅ ድግስ ደግሶ ዓመቱን ዝም ማለት ዋነኛው ነው። በእነዚያ ቀናት እናንተ ባትኖሩም ነዳያን ይበላሉ፤ የእናንተ ድካም የሚፈለገው በሰሌዳው ባዶ ቀን ነው።

ሁለተኛው ካሜራ ፊት የሚሰጥ ጉርሻ ነው። ለጋሽ ሪፖርት ከፈለገ የእህሉን ከረጢት፣ የድስቱንና የደረሰኙን ፎቶ ላኩለት።

ያገለገለ ልብስ ሳይታጠብና ሳይመረጥ አምጥቶ መከመርም የተለመደ ነው። የተቀደደውንና ቁልፍ የሌለውን ልብስ በመጀመሪያ ሰፍታችሁ ስጡ፣ የማይሰፋውን ለማጽጃ ጨርቅ አውሉት፤ ልብሱንም በአደባባይ ከመበተን በመዝገቡ መሠረት ለየሰው በቁጥሩ አዘጋጁ፣ አለበለዚያ ጉልበተኛው ሰብስቦ ገበያ ላይ ይሸጠዋል።

በመጨረሻም፣ ከእንግዶቹ መካከል ማገዝ የሚችሉትን ወደ ሥራው አለማስገባት ጉዳት አለው። ውኃ የሚቀዳ፣ ማገዶ የሚፈልጥ፣ ሳሕን የሚያጥብ ወጣት ከመካከላቸው አይጠፋም፤ የማእድ ቤት ኃላፊው ሁለት ወይም ሦስቱን በተራ ይመድብ፣ የቀን ሥራ ትተው ለመጡትም ሰበካ ጉባኤው የወሰነውን አበል በደረሰኝ ይክፈል።